የቅናሹ ቅዳሜ

እኅቴን ዋሽቻት አላውቅም ብል ያችው ራሷ ሌላ ውሸት ትሆናለች። እስከዚያ ቅዳሜ ድረስ ግን ውሸቶቼ ትንንሽ ነበሩ፤ ቤት ውስጥ ካልሲ እየፈለግሁ "መንገድ ላይ ነኝ" እንደማለት ያሉ። የቅዳሜዋንም ትንሽ ናት ብዬ ራሴን ለማሳመን ብዙ ለፍቻለሁ። አልሆነልኝም።

እታለም ነው የምላት። እናታችን ስትሞት እሷ ዐሥራ ዘጠኝ፣ እኔ ስድስት ዓመቴ ነበር። አባታችን ቀደም ብሎ ሌላ ቤት መሥርቷል። ሰው ሁሉ እኔን ለየትኛው ዘመድ እንደሚሰጡኝ ሲመክር፣ እታለም ተነስታ "ልጁ የትም አይሄድም፤ ምሳውን አልበላም" አለች። ስብሰባው በዚያው ተበተነ ይላሉ። እኔ የማስታውሰው ምሳውን ብቻ ነው።

ሥራዋ መጋረጃ ስፌት ነው። ልብስ የሚሰፋ ሰው ጠረጴዛ ላይ ይቆርጣል። መጋረጃ ግን ሦስትም አራትም ሜትር ስለሚረዝም ጠረጴዛ ላይ ይንሻፈፋል ትላለች። ስለዚህ ጨርቁን ወለል ላይ ትዘረጋና ተንበርክካ፣ መቀሷን ወደፊት እየገፋች፣ በጉልበቷ እየተከተለች ትቆርጣለች። ሠላሳ ስድስት ዓመት እንዲህ አድርጋለች። እኔም ያደግሁት፣ የተማርኩትም፣ ከዚያ ጨርቅ ዳር ተቀምጬ ነው። "ጫማህን!" የሚለው ጩኸቷ እስከ ዛሬ ሳሎን ስገባ ያስደነግጠኛል።

ሰው ቤት ስትገባ መጀመሪያ ሰላም የምትለው ባለቤቶቹን ሳይሆን መስኮታቸውን ነው። ሜትሯን ሳታወጣ በዓይኗ ትለካና "እዚህ ፊት ለፊት ነገረኛ ጎረቤት አለ፤ ድርብ ይሁንላችሁ" ትላለች። ባልና ሚስቱ ይተያያሉ። አንድም ቀን ስትሳሳት አላየሁም።

እኔ መነጽር ቤት ሌንስ እቆርጣለሁ። ነጭ ጋዋን ለብሼ ያየችኝ ዕለት "ዶክተር መሰልክ፤ እንዳታክመኝ ብቻ" ብላኝ ዘወር አለችና ዓይኗን ጠረገች። አርባ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ሚስት የለኝም፤ ቤቴ ያለው ትልቁ ንብረት ሶፋ ነው። ሶፋው ላይ ደግሞ በእጅ የሚያዘው የጌም መጫወቻዬ አለ። እርጅና መጣ መጣ ሲል ጌም የሚጫወት ሰው ሁሉ አንድ ሰበብ አያጣም። የእኔ "አእምሮዬን ያሳርፍልኛል" የሚል ነው።

አምና የእታለም ቀኝ ጉልበት እምቢ አለ። ሆስፒታል ገብታ በቀዶ ሕክምና ተቀደደች፤ ስድስት ሳምንት አልጋ ላይ ዋለች። ቁጭ ብላ የማታውቅ ሴት ስትተኛ ጉድ ፈላ። ነርሷን የመስኮቱ መጋረጃ ተዛብቷል ብላ ፈጀቻት። መላ ሲጠፋኝ እንደ እኔው ያለ የጌም መጫወቻ ገዝቼ ወሰድኩላት። "ልጅ ሳለሁ ያልተጫወትኩትን አሁን በምርኩዝ?" አለችኝ፤ ግን አልመለሰችውም። እኔው ራሴ ከፈትኩላት፤ ጓደኛ በሚለው ዝርዝር ውስጥ ራሴን አስገባሁ። ሌላ ጓደኛ አልነበራትም። "ስሜ አጠገብ ይቺ አረንጓዴ ነጥብ ከበራች እኔም ከፍቻለሁ ማለት ነው፤ ያኔ ጋብዢኝ፣ አብረን እንጫወታለን" ብዬ አስረዳኋት። ይህን ያስረዳሁት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ቢያንስ በእሱ ላይ እናደድ ነበር።

አብረን ስንጫወት እሷ ጉድጓድ ውስጥ ትገባለች፤ እኔ ቆሜ እጠብቃለሁ። "ማነው መንገድ መሃል እንዲህ የሚቆፍረው? እዚህ አገር ማዘጋጃ ቤት የለም እንዴ?" ትላለች በስልኩ። መጀመሪያ ሰሞን በሳቅ ፈረስኩ። ሦስተኛው ወር ላይ ሰለቸኝ። እሷ ስትጋብዘኝ "ሥራ ላይ ነኝ፣ እታለም" ማለት ጀመርኩ፤ እሷም "በርታ ወንድምዓለም" ትለኛለች። ከዚያ ጥሪዋ ቀረ። እኔም ተገላገልኩ ብዬ ብቻዬን መጫወቴን ቀጠልኩ። ነጥቧን ጭራሽ ረሳኋት።

ዘንድሮ ደግሞ ተራው የግራው ጉልበት ሆነ። ሐሙስ ዕለት ደወለችልኝ።

"ቅዳሜ ጠዋት ዶክተሩ ጋ አብረኸኝ ግባ" አለችኝ። "እሱ ሲያወራ እኔ ጭንቅላቴን እነቀንቃለሁ እንጂ አንድም ነገር አይገባኝም። ይቀደድ ወይስ ይቅር፣ ቁርጡን ተናገሪ ሊለኝ ነው። እዚያው የሚያዳምጥልኝ ሰው እፈልጋለሁ።"

"ምን ጥያቄ አለው!" አልኳት አፌን ሞልቼ።

ዓርብ ማታ መጫወቻው ላይ የጌም ቅናሹ ተከፈተ። ይህ ቅናሽ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚመጣ ነው፤ ስምንት መቶ ጌም ዋጋው ወርዶ ለሦስት ቀን ብቻ ይቆያል። ቅዳሜ ማለዳ ሻዬን ይዤ "እስክወጣ ድረስ አንድ ገጽ ብቻ" ብዬ ተቀመጥኩ። ከዚህ በኋላ ያለውን የሚያውቅ ያውቀዋል። አንዱ ባቡር መንዳት ነው፤ ሰማንያ በመቶ ወርዷል። ባቡር መንዳት አምሮኝ አያውቅም፤ ሰማንያ በመቶ ሲወርድ ግን አማረኝ። አንዱ እርሻ ነው። የእርሻ ጌም አራት አለኝ፤ ይኸኛው ግን ንብ አለው። አንዱን እንዳልገዛው ሰዎች የጻፉትን አስተያየት ሳነብ አንዱ "አሰልቺ ነው" ሲል ሌላው "ሕይወቴን ለወጠው" ይላል። እንግዲህ ሕይወት የሚለውጥ ነገር በዚህ ዋጋ ይታለፋል? ቤቴ ውስጥ ገዝቼ ያልከፈትኳቸው ስልሳ ጌሞች እንዳሉ ልቤ እያወቀ፣ አዲስ ሳልገዛ ከቀረሁ የተሰረቅሁ ይመስለኝ ነበር።

ሰዓቱን ሳየው ልወጣ የሚገባኝ ሰዓት አልፏል። ሮጬ ብሄድ እደርስ ነበር። አሁንም ሆኜ ሳስበው እደርስ ነበር። እኔ ግን ስልኬን አነሳሁና ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ "እታለም፣ የሌንስ መቁረጫው ማሽን ተበላሽቶ ሥራ ቦታ ጠርተውኝ ነው" አልኳት።

"በል በርታ" አለችኝ። "እኔ እንደ ምንም አዳምጣለሁ።"

ሰባት ጌም ገዛሁ። የንቡን ከፍቼ አንድ ሰዓት ያህል ቀፎ ስሠራ ከቆየሁ በኋላ የእታለም ቀጠሮ ትዝ አለኝ። መቼም ጥፋተኛ ሰው ደግነቱ ቅርብ ነው፤ ለእታለምም አንድ ጌም ልግዛላት ብዬ አሰብኩ፣ በቅናሽ። ያላትን ደግሜ እንዳልገዛባት የእሷን ገጽ ከፈትኩ።

ዐሥራ አንድ ጌም አላት። እኔ የገዛሁላት ሁለት ነበር። ሌሎቹን ባለፉት ሁለት ቅናሾች ራሷ መርጣ ገዝታለች። አንድ በአንድ አየኋቸው፤ ሁሉም ለሁለት ሰው ናቸው። አንድም ለብቻ የሚጫወቱት የለበትም። ስር ስሩ ምን ያህል እንደተጫወተች ይጽፋል፤ አራት ደቂቃ፣ ሦስት ደቂቃ፣ ስድስት ደቂቃ። እነዚህን ጌሞች አውቃቸዋለሁ። ሲከፈቱ "ሁለተኛው ተጫዋች እስኪገባ ይጠብቁ" ይላሉ። ጠብቃ ጠብቃ ዘግታቸዋለች ማለት ነው።

ይህን እያየሁ ሳለ ስሟ አጠገብ ያለችው አረንጓዴ ነጥብ በራች።

እታለም ሆስፒታል ወረፋ ስትጠብቅ ያንን መጫወቻ ከቦርሳዋ እንደማታጣው አውቃለሁ። የእሷ ነጥብ ለእኔ ከበራች የእኔም ለእሷ በርታለች። ያቺን ነጥብ በገዛ እጄ ነው ያሳየኋት። የዛሬው ብቻ አይደለም፤ "ሥራ ላይ ነኝ" ባልኩባቸው ቀናት ሁሉ ስትበራ ኖራለች። ምን እየተጫወትኩ እንደሆነ ጭምር ይጽፋል፤ የዛሬው የንብ ጌምም፣ የቀድሞው የዓሣ ማጥመድ ጌምም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ያኔ ስክሪኑ ጥግ ላይ መልእክት ብቅ አለ። እታለም አብሬያት እንድጫወት ጋብዛኛለች።

ቁጣ ቢሆን ኖሮ ምን እንደምመልስ አውቅ ነበር። እሺ ብል ዋሸሁሽ ማለቴ ነው፤ ዝም ብል ደግሞ ታየኛለች። ቀጥሎ ያደረግሁትን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። የመጫወቻው ማስተካከያ ውስጥ ገባሁና "ከጓደኞች ተደበቅ" የሚለውን ተጫንኩ። ካንድ ሴት። ያውም ካሳደገችኝ ሴት።

እሁድ ከሰዓት ቤቷ ሄድኩ። ፍራፍሬ ይዣለሁ፤ ለታመመ ሰው እንደሚወሰደው። እሷ የግራ እግሯን በርጩማ ላይ ሰቅላ ጠርዝ በእጇ ትሰፋለች። አጠገቧ መጋረጃ በመስቀል የምትረዳት የሥራ ባልደረባዋ ተቀምጣለች። ባልደረባዋ ገና ስታየኝ ፊቷን ቋጠረች።

"ትናንት ብቻዋን የሆስፒታሉን ደረጃ ስትወጣና ስትወርድ ዋለች" አለችኝ። "ወንድም የሚባለው ለመቼ ነው?"

እታለም ከስፌቷ ቀና ሳትል፣ "ማሽን ተበላሽቶበት ነው" አለች። "ሰው እንጀራውን ጥሎ ይምጣ እንዴ? ደግሞ እሱ ከሌለ ማሽኑን ማንም አይነካው።"

እንዲህ ስትል ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም። ስለ እኔ ብላ ትዋሽ ነበር፤ ከእኔ ይልቅ አሳምራ። ባልደረባዋ "እንግዲያው ይቅርታ" ብላኝ ሄደች።

"እታለም" አልኳት፣ "ትናንት ሥራ አልነበረኝም።"

"አውቃለሁ።" ክሩን በጥርሷ ቆረጠችው። "ካምናም ጀምሮ አውቃለሁ።"

"ታዲያ ለምን አትቆጪኝም? ለምን ዝም ትይኛለሽ?"

"ምን ልቆጣህ? ስደውልልህ ድምፅህ ይጣደፋል። ያቺ ነጥብ ግን አትጣደፍም። እከፍትና ከበራች አልታመመም፣ ቤቱ አርፎ ተቀምጧል እላለሁ። ይበቃኛል።"

አቀርቅሬ ወለሉን አየሁ። መቀሷ ባለፈበት ሁሉ ንጣፉ ተጭሯል፤ ጉልበቷ በዋለበት ደግሞ ቀለሙ ለቋል። "ዶክተሩ ምን አለሽ?" አልኩ።

"ይቀደድ አለ። በሚመጣው ወር ቦታ ነበረው።"

"እና?"

"ስድስት ሳምንት የሚያነሳሽ፣ የሚያስቀምጥሽ ሰው አለሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ።" መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካችው። "ወንድም አለኝ ልለው ነበር፤ ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን እኮ ልክ ያኔ ነጥቧን አጥፍተህ ተደብቀህብኝ ነው የገባሁት። ወንድሜ ሥራ ይበዛበታል፣ ይቅርብኝ አልኩት። ቦታውን ለሌላ ሰው ሰጡት።"

ተነስቼ አጠገቧ ወለሉ ላይ ተንበረከክሁ። የታመመውን ጉልበቷን ልነካው ፈለግሁና ያማት ይሆናል ብዬ እጄን ሰበሰብኩ። ይቅርታ ማለቴን አስታውሳለሁ፤ ስንቴ እንዳልኩት አላስታውስም። "ነገ በጠዋት አብረን እንሄዳለን" አልኳት። "እኔው ራሴ አነጋግረዋለሁ፤ ሌላ ቦታ እንዲፈልግልሽ እለምነዋለሁ። ስድስቱንም ሳምንት እዚሁ እሆናለሁ።"

እታለም መርፌዋን ከጨርቁ ነቀለች።

"ሥራህስ?" አለችኝ።

አሽሙር ይኖርበት እንደሆነ ብዬ ፊቷን አጥንቼ አየሁት። አልነበረበትም። ከልቧ ተጨንቃልኝ ነበር የጠየቀችኝ።