የጡረተኞቹ ሰልፍ

የሥራ ባልደረቦቿ «ፍሬን» ይሏት ነበር። ቅጽል ስሙ ያለምክንያት አልወጣላትም። በባቡር ሠራተኞች የጡረታ ፈንድ የኢንቨስትመንት ክፍል ምክትል ኃላፊ ናት። አንድ ሰው ደመቅ ያለ ሐሳብ ይዞ ሲመጣ፣ አዲስ የሚሠራ ፎቅም ይሁን ገና ያልተመረቀ ፋብሪካ አክሲዮን፣ እሷ ከዳር እስከ ዳር አዳምጣ ስታበቃ «ቢበላሽስ?» ትላለች። ሰውየው መልስ ከሌለው ነገሩ እዚያው ይቆማል። አንዳንዶቹ ብልህ ናት ይላሉ፣ አንዳንዶቹ ሥራ አሰናካይ። እውነቱን የምታውቀው ራሷ ብቻ ነበረች። ፈሪ ናት።

ፍርሃቱ አብሯት ያደገ ነው። አባቷ የባቡር ነጂ ነበሩ። ልጅ ሳለች አንድ ቀን የሳቸው ባቡር ከሐዲድ ወጣ የሚል ወሬ ሠራተኞቹ ሰፈር ደረሰ። እናቷ የሚታጠብ ልብስ ጥላ፣ ሳሙናው እጇ ላይ እንደደረቀ፣ መንገድ መንገዱን ስታይ ዋለች። አባትየው ወደ ማታ በእግራቸው፣ አቧራ ለብሰው፣ ምንም ሳይሆኑ መጡ። ልጅቷ ግን ከዚያ ወዲህ፣ ነገር ሁሉ ሰላም በሆነ ጊዜ እንኳ፣ ከወዲያኛው ጥግ የሆነ ነገር የሚመጣ ይመስላታል።

ስታድግ ሒሳብ ተማረች፣ ከዚያም የአባቷንና የጓደኞቻቸውን ጡረታ ከሚይዘው መሥሪያ ቤት ገባች። አባትየው ጡረታ ወጥተው እናቷ ካረፈች በኋላ እሷና ባለቤቷ ዘንድ መጥተው ይኖሩ ጀመር። ባለቤቷ ፍሪጅ ይጠግናል፤ ቀልደኛ ሰው ነው። አባትየው ደግሞ ከሞተር ጩኸት የተነሣ አንድ ጆሯቸው ስለማይሰማ፣ እንደ ምሥጢር ያወሩት ነገር ሳይቀር ጎረቤት ይሰማዋል።

ፈንዱ አብዛኛውን ገንዘብ ያስቀመጠው መንግሥት በሚሸጣቸው የረጅም ጊዜ ቦንዶች ላይ ነበር። ቦንድ መግዛት ለመንግሥት ማበደር ነው። ወለዱ በየዓመቱ ይገባል፣ ዋናው ገንዘብ ጊዜው ሲደርስ ሙሉውን ይመለሳል። ለፈሪ ሰው ከዚህ የተሻለ ነገር የለም ብላ ቦርዱን አሳምና ያስገዛችው ራሷ ናት።

ከዚያ ኑሮ ተወደደ። ዋጋ ሽቅብ ሲወጣ ማዕከላዊው ባንክ ወለድ ከፍ አደረገ፣ ደገመ፣ ሠለሰ። አዲሶቹ ቦንዶች ዳጎስ ያለ ወለድ እየከፈሉ አሮጌዎቹን ማን ይፈልጋል? ገበያው ላይ ዋጋቸው መውረድ ጀመረ። መጀመሪያ ቀስ እያለ ነበር። ኋላ ግን ጠዋት ኮምፒውተሯን ስትከፍት ትናንት ማታ ከተወችው ቦታ ዝቅ ብሎ ታገኘው ጀመር። የክፍሉ ኃላፊ ሁልጊዜ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነበር። አንድ ሰኞ ስብሰባ ላይ እያለ ላብ አጠመቀው፤ ደም ግፊቱ ነው ተብሎ ሆስፒታል ገባ። ወንበሩ ለእሷ ተረፈ።

የቦርዱ ሰብሳቢ ስልክ ደወሉ። እሳቸውም የቀድሞ የባቡር ጣቢያ አለቃ ናቸው፣ ንግግራቸው ሁሉ ትእዛዝ ነው። አንዲት ቃል ከቢሮው እንዳትወጣ አሏት። አትወጣም ስትል ማለች።

ምሥጢሩ ለምን እንደሚያስፈልግ ከሳቸው በላይ ታውቃለች። ዋጋው ቢወርድም ፈንዱ ቦንዶቹን እስካልሸጠ ድረስ ኪሳራው ወረቀት ላይ ነው። በየወሩ ከሠራተኛው የሚገባው መዋጮ የጡረተኞቹን ክፍያ ይሸፍናል፣ ቦንዶቹም ቀናቸው ሲደርስ ሙሉ ይከፍላሉ። አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚያስፈራው። በፈንዱ ደንብ ጡረተኛ የሆነ ሰው በፈለገ ጊዜ የቀረውን ድርሻውን ጠቅልሎ ማውጣት ይችላል። ሁሉም ባንድ ጊዜ እናውጣ ቢሉ ቦንዶቹን በወረደው ዋጋ መሸጥ ግድ ይሆናል። ያኔ የወረቀቱ ኪሳራ እውነተኛ ይሆናል፤ ቀድሞ የወጣው ሙሉውን ይዞ ይሄዳል፣ ኋላ የቀረው ባዶ ካዝና ያገኛል።

ይህን ስታስብ እጇ በረዶ ይሆናል። መታጠቢያ ቤት ገብታ ሙቅ ውሃ ከፍታ እጆቿን ከሥሩ ትደቅናለች፤ ተመልሳ ስትቀመጥ ያው ናቸው። ምሳ አይወርድላትም። የበታቾቿ እንዳያዩባት ስትል ፈጠን ፈጠን ብላ ትራመዳለች፣ ያለወትሮዋም ትቀልዳለች።

ቤትም እንዲሁ። አንድ ምሽት ራት ላይ ባለቤቷ ስለ አንድ ደንበኛው አወራ። ሰውየው ፍሪጄ አይሠራም ብሎ ጠርቶት ሲያየው ሶኬቱ አልተሰካም። ሳቀች። ባለቤቷ ስቆ ጨረሰ፣ እሷ ግን ማቆም አቃታት፤ ሳቋ ሌላ ነገር እስኪመስል ድረስ ሄደ። አባትየው ማንኪያቸውን አስቀምጠው አዩዋት። ሥራ እንዴት ነው ብለው ጠየቋት። ደህና ነው አባባ አለች። ራታቸውን ሳይጨርሱ ተነሡ።

ከሁለት ቀን በኋላ ጠዋት ወደ መሥሪያ ቤቷ ስትታጠፍ ከግቢው በር ጀምሮ የግንቡን ጥግ ይዞ የተሰለፈ ሰው አየች። በመጀመሪያ የሞተ ሰው ያለ መሰላት። ሁሉም ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ናቸው፤ ባርኔጣ ያደረጉ፣ ጃንጥላ የያዙ፣ ከዘራ የተደገፉ። ብዙዎቹን ታውቃቸዋለች፤ ሠራተኞቹ ሰፈር በልጅነቷ ትከሻቸው ላይ ያስቀመጧት ሰዎች ናቸው። መታወቂያቸውን በእጃቸው ይዘዋል። ዘበኛው ገና ሳይነጋ ጀምሮ ነው የመጡት አላት። የመኪና ማቆሚያውን አጥር ያዘች።

ገንዘብ ያዧ ደረጃው ላይ ጠበቀቻት። ሁሉም የሚሉት አንድ ነገር ነው አለቻት፣ «ጠቅልላችሁ ስጡን»። እጃቸው ላይ ያለው ጥሬ ገንዘብ የዛሬን ይችል ይሆናል፤ ነገም ይህን ያህል ሰው ከመጣ ግን ቦንድ መሸጥ ሊጀመር ነው። ቢሮዋ ገብታ ሰብሳቢው ዘንድ ደወለች። ግቢውን ዝጊው አሏት። በሩ ቢዘጋ ወሬው እውነት ነው ማለት እንደሆነ፣ ነገ የሚመጣው የጡረተኛው ሁሉ ቤተሰብ እንደሚሆን ልታስረዳቸው ሞከረች። ዝጊው ብያለሁ ብለው ስልኩን ዘጉ።

መስኮቱ አጠገብ ቆመች። ለመዝጋትም ላለመዝጋትም አቅም አልነበራትም። ዝም ብላ ሰልፉን ቁልቁል ስታይ አንድ ቡናማ ባርኔጣ ላይ ዓይኗ አረፈ። አባቷ ነበሩ። ከሕንፃው የመስታወት በር ለመድረስ ጥቂት ሰው ብቻ ነበር የቀራቸው።

ደረጃውን እንዴት እንደወረደች አታውቀውም። ክንዳቸውን ይዛ ወደ ጎን ልታወጣቸው ስትል አልንቀሳቀስ አሉ። ወረፋቸው እንዳይነጠቅ ፈርተዋል።

«አባባ፣ ምን ሊያደርጉ መጡ?»

«እንደ ሰዉ ነዋ። ድርሻዬን ላወጣ።»

«ማን ምን ብሎዎት ነው?»

«ማንም ምንም አላለኝ፤ ፊትሽን አየሁት» አሉ። ቀስ ብለው ያወሩ መስሏቸው ሰልፉ ሁሉ ይሰማል። «ያን ቀን ስትስቂ አየሁሽ። ልጄ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሆነ ነገር ውስጥ ገብታለች አልኩ። ገንዘብ ጠፍቶ በሷ ሊያላክኩባት ነው፤ ሊያስሯት ነው አልኩ። ጠበቃ ያለ ገንዘብ አይገኝም። ለጠበቃሽ ነው የማወጣው።»

አባትየው ቀጠሉ። ጠዋት አብሯቸው በእግር ለሚሄደው ለአንድ ጓደኛቸው ብቻ ነበር የነገሩት። ፈንዱ ውስጥ ደህና አይደለም፣ ልጄ ፊቷ አመድ መስሏል፣ እኔ ላወጣ ነው አሉት። ጓደኛቸው ለወንድሙ፣ ወንድሙም ለማን እንደነገረ እንጃ። አሁን ግቢውን የሞላው ሰው ሁሉ የመጣው ከዚያች የራት ገበታ ነው። አንዲት ቃል አላወጣችም ነበር። ቃሉን የጠበቀ አፏን ፊቷ ከድቶት ነው።

ሰልፉ ውስጥ ከኋላቸው የቆሙት ሴትዮ በድሮ ጊዜ ጣቢያው ላይ ትኬት ይሸጡ ነበር። እስቲ ንገሪን ልጄ፣ ገንዘባችን አለ ወይስ የለም አሏት።

ከበሩ ፊት ካለው ደረጃ ላይ ወጣች። ገንዘቡ እንዳለ ነገረቻቸው። መንግሥት እንደተበደረው፣ ዛሬ ግን ያንን ብድር ለሌላ ሰው ልሽጥ የሚል በርካሽ እንደሚሸጠው፣ ቀኑን ከጠበቀ ሙሉውን እንደሚያገኝ፣ ዋጋው መውረዱንም ሳትደብቅ ነገረቻቸው።

«አንቺ ራስሽ ትፈሪያለሽ?» አሉ ሴትዮዋ።

«እፈራለሁ» አለች። «በጣም። የምፈራው ግን ይህንን ሰልፍ ነው።»

ያ ቃል ያረጋጋቸዋል ብላ ነበር። ከፊት ያሉት የሰሙት «እፈራለሁ» የሚለውን ነው፣ ከኋላ ያሉት ደግሞ ምንም አልሰሙም፤ የፊቶቹ ወደ በሩ ሲጠጉ አይተው ገፉ። ሰልፉ ባንድ አፍታ ፈረሰ። ከዘራ ወደቀ፣ ሰው በሰው ላይ ተደረበ። አባቷ መስታወቱ በር ላይ ተለጠፉ፤ ጉንጫቸው መስታወቱ ላይ ተጨፍልቆ፣ አፋቸው ተከፍቶ አየቻቸው። መስታወቱ ጷ ብሎ ተሰነጠቀ።

ድምፁ ሁሉንም ባሉበት አቆማቸው። ገፊዎቹ እጃቸውን ሰበሰቡ፣ የገዛ ሥራቸው ያስደነገጣቸው ይመስል። ዘበኛው አባትየውን ጎትቶ አወጣቸው። መዳፋቸው ተቆርጦ ደም ይወርዳል። ሴትዮዋ ሻሻቸውን ፈትተው አሰሩላቸው፤ እሷ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ የአባቷን እጅ በሁለት እጇ ይዛ ቀረች። ሲቀዘቅዝ የከረመው እጇ የሳቸው ደም ሲነካው ሞቀው፤ ያን ሙቀት እስካሁን ስታስበው ይዘገንናታል።

«ይቺ ልጅ መዋሸት አትችልም» አሉ አባትየው ለሴትዮዋ፣ እንደ ልማዳቸው ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ። «ስትዋሽ ራት ላይ እንኳ ያስታውቅባታል። አሁን አልዋሸችም። እኔ ቤቴ ልሂድ።»

ተነሥተው ሄዱ። ሴትዮዋ ትንሽ ቆይተው ተከተሏቸው። ከሰልፉ እኩሌታው ያህል አንድ ሁለት እያለ ተበተነ። የቀሩት ቀሩ፣ ድርሻቸውንም ወሰዱ። የእጅ ገንዘቡ እስከ መዝጊያ ሰዓት አደረሳቸው፤ ከዚያ ወዲያ ብዙም አይሄድ ነበር።

በማግስቱ ቦርዱ ተሰብስቦ ጠቅልሎ ማውጣት ለጊዜው ታግዷል አለ። እሷን የጠየቃት የለም። አምነዋት ወደ ቤታቸው የሄዱት ሰዎች በሩ ሲዘጋባቸው እንዳታለለቻቸው አሰቡ። መንገድ ላይ ሲያገኟት ፊታቸውን የሚያዞሩ፣ የሚሰድቧትም ነበሩ። የትኬት ሻጯ ቢሮዋ ድረስ መጥተው ፊት ለፊቷ ተቀመጡ። አልሰደቧትም፤ ምንም አልተናገሩም። ቆይተው ተነሥተው ወጡ። ከስድቡ ሁሉ የከፋባት እሱ ነበር።

ዋጋው ከዚያ በኋላም ለሳምንታት ወረደ። በየጠዋቱ ኮምፒውተሩን ከመክፈቷ በፊት መቀመጫዋ ላይ ተደግፋ ዓይኗን ትጨፍን ነበር። ቦንዶቹን አልሸጠችም። ማዕከላዊው ባንክ ወለድ መጨመሩን ሲያቆም ነገሩ ረገበ፤ ወደ ድሮው አልተመለሰም፣ መውረዱ ግን ቆመ። ጡረታው አንድም ወር ሳይቋረጥ ተከፈለ። በየዓመቱ የሚጨመረው ጭማሪ ግን በዚያ ዓመት ቀረ፤ ኑሮ በተወደደበት ዓመት ያ ቀላል አልነበረም። እገዳውም ሲነሣ ማንም አልተሰለፈም።

የክፍሉ ኃላፊ ከስቶ ተመለሰ፣ ቀለል ያለ ሥራ ስጡኝ ብሎ ለመነ። ቦታው ለእሷ ሆነ። የፈንዱን ገንዘብ በየጥቂት ወሩ ወደ እጅ በሚመለስ የአጭር ጊዜ ሰነድ ላይ እያዟዟረች ታስቀምጥ ጀመር። ትርፉ አነሰ ተብላ ትወቀሳለች። በየሩብ ዓመቱም አዳራሽ ውስጥ ጡረተኞቹን ሰብስባ ምን እንደወጣ፣ ምን እንደወረደ በቃሏ ትነግራቸዋለች። ሰብሳቢው ይህን አልወደዱላትም። እሷም የምትነግራቸው ደፋር ስለሆነች አይደለም፤ ፊቷ ቀድሞ እንዳይነግርባት ነው።

በዚያ ሰልፍ ቀን ድርሻቸውን ጠቅልለው ከወሰዱት አንዱ ገንዘቡን ቤት አስቀምጠው የዋጋ ንረት በላባቸው። ሌላው፣ የድሮ የሐዲድ ጠጋኝ፣ የእህል ወፍጮ ገዙ፤ እስከ ዛሬ ይሠራል። ባለፈው ሰሞን በወፍጮ ቤቱ በኩል ስታልፍ ዱቄት ለብሰው ደጃፍ ላይ ቆመው ነበር። ጠርተው ጨበጧት።

«እናንተስ ተረፋችሁ?» አሏት።

«እስካሁን» አለች፣ መንገዷንም ቀጠለች።