ስድስት ቤት ወይስ ዘጠኝ?

ልጅ ሳለሁ፣ ጣልያን አገሩን በያዘ ጊዜ፣ ከደጋ ሸሽተን መተማ ቆላ ወርደን ከማሽላ እርሻ ዳር ጎጆ ቀልሰን ነበር። ያኔ ሲመሽ ለትንኝ ብለን አገዳ እናጨሳለን፤ ጭሱ ትንኙን ትቶ እኛን ያባርረናል፤ አያቴም እያሳሉ ተረት ይነግሩናል።

ያን ሰሞን ካሣ የሚባል የጎረቤት ልጅ እህቴን ዘውዴን ለጋብቻ ጠይቆ፣ እሷም ስሙ በተነሳ ቁጥር ወጥ ታሳርር ነበር። በኛ ወግ ግን ዘር ተቆጥሮ እስከ ሰባት ቤት ድረስ ዝምድና ከተገኘ ጋብቻ የለም። የኛን ሰባት ቤት አያቴ በቃላቸው ያውቁታል። የካሣን ሊቆጥሩ ሁለት ሽማግሌዎች መጡ። አንደኛው ከካሣ ተነስተው ሦስት ቤት ወደ ላይ ወጡና እዚያ ላይ አለቀባቸው። ሁለተኛው ከዚያ ተቀብለው ሌላ ሦስት ቤት ወጡ። ከዚያ ወዲያ የሚያውቅ ጠፋ።

እኔ ደግሞ ማባዛት የሚባለውን ሱዳን ድንበር ጋላባት ከሚመላለስ አንድ ነጋዴ ሱቅ ደጃፍ ቆሜ ተምሬ የማባዛው አጥቼ ነበር።

«ሦስት ጊዜ ሦስት ዘጠኝ! ሰባትን አልፏል!» ብዬ ጮህኩ።

«ልጅቱ እውነቷን ነው» አሉ አንደኛው ሽማግሌ። «ዘር ይባዛል እንጂ መች ይደመራል!» ዘውዴ ከጓዳ በር ላይ ቆማ ፈገግ አለችልኝ።

አያቴ ተረት ጀመሩ።

«አንድ ሰው ዘሩን ፍለጋ ተነሳ። በር ቢያንኳኳ አባትና እናቱ ከፈቱለት። ከያንዳንዳቸው ኋላ ደግሞ በር አለ፤ በየበሩም ሁለት ሁለት ሰው። ሦስተኛው በር ላይ ስንት ሰው አገኘ?» ፍሙን በእንጨት እየገፉ ሁለት፣ አራት፣ ስምንት አደረጉት። «ከስምንቱ ከያንዳንዳቸው ኋላ ደግሞ ሦስት በር ወጣ። እዚያስ?»

ያው ሽማግሌ በጣታቸው ብዙ ከታገሉ በኋላ «ስምንት ጊዜ ስምንት... ስድሳ አራት» አሉ።

«በሉ፣ ሰዎቹ ተባዙ። እግሩ ግን ስንት ደጃፍ ወጣ?»

የመለሰችው ራሷ ዘውዴ ነበረች። «ስድስት» አለች፣ ቀስ ብላ።

«አንድ ቤት ጎደለ» አሉ አያቴ።

«ባንድ ቤት፣ አባባ?» አለች ዘውዴ።

«ባንድ ቤት፣ ልጄ።»

እኔ ግራ ገባኝ። ሰዎቹ ሲባዙ ቤቱ ለምን ይደመራል? አብረው አይደል የሚሄዱት? ጭሱ ዓይኔን እያቃጠለኝ ፍሙን ደጋግሜ ቆጠርኩ፤ ባልቆጠርኩት ይሻል ነበር።

ካሣ የጎደለውን ቤት ፍለጋ ደጋ ወደ አንዲት አሮጊት አክስቱ ሄደ። ማሽላው ከታጨደ በኋላ ከስቶ፣ እግሩ ተሰነጣጥቆ ተመለሰ። ሽማግሌዎቹ ፊት ቆሞ ሰባተኛውን ቤት ሲያወርድ አንዲት ሴት ጠራ፤ አያቴ የኛን ሲቆጥሩ መጨረሻ ላይ የሚጠሯት ሴት ነበረች። እሷን ዘሎ ቢያልፍ ማን ያውቅበት ነበር? አልዘለላትም። ዘውዴ መጥታ ፍሙን አመድ አለበሰችው። በዚያ ምሽት ተረት አልተነገረም።

አሁን በእርጅና መዳረሻዬ የማታ ትምህርት ገብቻለሁ። በቀደም መምህራችን፣ ልጄ የሚሆን ጎረምሳ፣ ሰሌዳው ላይ ትከሻዋ ላይ ትንሽ ሦስት የተሸከመች «ሀ» ጻፈ፤ አጠገቧም ሌላ እሷኑ የመሰለች ጻፈና «አባዟቸው፤ ትከሻዋ ላይ ስንት ይወጣል?» አለን። ያ የአገዳ ጭስ ክፍሉ ውስጥ የገባ መሰለኝ።

«እትዬ፣ ዘጠኝ ጻፉ እንዴ?» አለኝ ደብተሬን አይቶ። «ትናንት ነግሬዎት የለም? ይደመራል እኮ!»

«አውቃለሁ፣ ልጄ» አልኩት።

መልሱ ስድስት እንደሆነ ከሱ በፊት አውቄዋለሁ፤ ለምን እንደሆነ ዛሬም በደንብ ባይገባኝም። እጄ ግን ዘጠኝ ጻፈ። ዘጠኝ ቢሆን ኖሮ ዘውዴ ታገባው ነበር።