የለቅሶ ቤት እንቅልፍ

አዲስዓለም ቆማ መተኛት ትችላለች። ቀልድ እንዳይመስላችሁ! ባጃጅ ስትጠብቅ ግንብ ተደግፋ ታንቀላፋለች፤ ቤተ ክርስቲያን ለስግደት ጎንበስ ካለች አጠገቧ ያለችው ካልጎሸመቻት አትነሣም። ኮሌጅ ውስጥማ አንዱ መምህር «እንቅልፍ ኮርስ ቢሆን ኖሮ ኤ ፕላስ ነበርሽ» ብሎ ክፍሉን ሁሉ አሳቀባት። እሷም አብራ ሳቀች፣ ምን ታድርግ።

ዶሮ ሳይጮህ ተነሥታ ጋሽ ኑሩ ዳቦ ቤት ሊጥ ታቦካለች። ከዚያ ዱቄቱን ከፀጉሯ አራግፋ ወደ ክፍል፣ ከክፍል ወደ ቤተ መጻሕፍት። ሲመሽ ልተኛ ስትል ደግሞ ሰው አለ፤ የወለደች፣ የታመመ፣ የሞተበት። ደብረ ታቦር እንደሆነ በዚህ አይምርም። አንድ ለቅሶ የቀረች እንደሆነ «ተማርኩ ብላ ኮራች» ትባላለች። ሰው ይቀየማል፣ እንቅልፍ ግን አይቀየምም፤ ስለዚህ ሁሌም የምትቀንሰው ከእንቅልፏ ነበር።

ገጠር ያሉት አባቷ አቶ ሞላ «ልጄ ዘንድሮ ዲግሪዋን ትይዛለች» እያሉ በየደጀ ሰላሙ ማውራት ከጀመሩ ቆይተዋል። ዲግሪው ግን የሚሰጠው የመውጫ ፈተናውን ላለፈ ብቻ ነው። ለሙከራ የተሰጠው ፈተና ላይ አዲስዓለም ኮምፒውተሩ ፊት ድፍት ብላ ተኝታ ሰዓቱ አልቆባታል። ዋናው ሲደርስ ጋሽ ኑሩ አዘኑላት። «በይ፣ ዋዜማውንና የፈተናውን ቀን እንዳትመጪ። ጥግብ ብለሽ ተኝተሽ ተፈተኚ፤ ዳቦው የትም አይሄድም» አሏት። እጃቸውን ልትስም ምንም አልቀራት።

ጉዱ የመጣው ይሄኔ ነው። በፈተናው ዋዜማ የመሠረት እናት ሞቱ። መሠረት የልብ ጓደኛዋ ናት፤ ፈተናውንም ታውቅ ነበር፣ እናቷ ሲሞቱባት ግን ቀኑም ሌሊቱም ጠፋባት። ሐዘንተኛ ደግሞ ብቻዋን አታድርም። አዲስዓለም ነጠላዋን አዘቅዝቃ ሄደች። ለቅሶ ቤት ስልክ ማስጮህ ነውር ነውና ደጃፉ ላይ ስልኳን ጥርቅም አድርጋ ዘጋች።

ሌሊቱን መሠረትን እንዳቀፈች አነጋችው ማለት ይቻላል። ሊነጋጋ ሲል ከገሳይ የመጡት የመሠረት አክስት፣ እማማ ፈንታነሽ፣ የዐይኗን መቅላት አይተው «ጋደም በይ ልጄ» አሏት።

«ጠዋት ትንሽ ጉዳይ አለችኝ እማማ። ፀሐይ ስትወጣ ይቀስቅሱኝ።»

ጉዳይ! ምናለ ፈተና አለኝ ብትል? ይሉኝታ ያዛት። ሰው እናቱን ቀብሮ በተቀመጠበት እሷ ስለ ዲግሪዋ ልታወራ? ደግሞስ ለቅሶ ቤት ተኝቶ የሚቀር ማን አለ፣ ለቀስተኛው በጠዋት ዋይ ዋይ እያለ ሲገባ መቼ ያስተኛል ብላ ተማመነች።

ቀሰቀሷት መሰላችሁ? እማማ ፈንታነሽ ፀሐይ ስትወጣ መጥተው አዩዋት። ጫማዋን ሳታወልቅ፣ ጥፍሯ ሥር የትናንት ወዲያ ሊጥ እንደደረቀ፣ አፏን ከፍታ እንደ ሕፃን ተኝታለች። አንጀታቸው ተንሰፈሰፈ። «ጉዳዩ ይቆያታል» ብለው ጋቢያቸውን አለበሷት። ከዚያ በር ላይ ቆመው ደረቱን እየደቃ የሚመጣውን ሁሉ «ቀስ በሉ፣ አንዲት ልጅ ደክሟት ተኝታለች» እያሉ ዝም አሰኙት። መሠረት እንኳ ለእናቷ የምታለቅሰውን በነጠላዋ አፍና አለቀሰች።

አዲስዓለም ስትነቃ ፀሐይ አናት ላይ ነበረች። ማንንም ሳታናግር ወጥታ በረረች። ኮሌጁ በር ላይ ያገኘቻቸው ተፈትነው የሚወጡትን ነው። ዘበኛው «አልቋል እኮ እህቴ» አላት።

ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። ሌላ ዙር እስኪመጣ መንፈቅ ሙሉ ሊጥ ልታቦካ ነው። አባቷስ ደጀ ሰላም ላይ ምን ይበሉ? የሚቀጥለው ፈተና ሲመጣስ ያው ዳቦ ቤቱ፣ ያው ለቅሶው፣ ያው ድካሟ አይደለም? ማንን ትውቀስ! ክፉ የሠራባት ሰው ቢኖር ጮኻበት ይወጣላት ነበር። ሁሉም ደጎች ናቸው፣ የጨረሷትም በደግነታቸው ነው።

ወደ ለቅሶው ቤት ተመለሰች። እዚያ ቢያንስ ለምን ታለቅሻለሽ የሚል የለም። ገና ከደጃፉ ድምጿን ለቅቃ አለቀሰች፤ እስኪደክማት አለቀሰች። ሴቶቹ «ወይ ጓደኛ! እንደ ወለደቻት እናቷ አለቀሰችላት» ተባባሉ።

መሠረት ተነሥታ አቀፈቻት። አንድ ቀን ፈተናውን ማስታወሷ አይቀርም፤ ዛሬ ግን አላስታወሰችም። በነጠላዋ ጫፍ እንባዋን ጠረገችላትና «ይብቃሽ እህቴ፣ ለኔ ብለሽ። ጠዋት እንኳ ትንሽ ተኛሽልኝ አይደል?» አለቻት።

«ተኛሁ» አለች አዲስዓለም።