ለሞት ብቻ የምትነፋ ጡሩምባ

ቀራንዮ፣ ከመድኃኔዓለም ዝቅ ብሎ ባለው አሮጌ ሰፈር፣ የማኑሄ ጡሩምባ ሲነፋ ሰው «ማን ሞተ?» ይላል እንጂ «እውነት ነው?» ብሎ አያውቅም። ማኑሄ ቀን ቀን 18 ማዞሪያ ሰልባጅ ጫማ ይሸጣል፤ ሰው የሞተ ዕለት ደግሞ ጎህ ሲቀድ የእድሩን ጥሪ ያሰማል። ጡሩምባዋን ያወረሱት ከሶዶ የመጡት አባቱ ናቸው። በጫማ በኩል እንደማንኛውም ነጋዴ ነው፤ የጠበበህን «ሲለመድ ይሰፋል» ብሎ ያስታቅፍሃል። በጡሩምባዋ ግን ቀልድ የለም። ለሞት ካልሆነ አትነፋም። የገዛ እህቱ ልጅ ሠርግ ላይ እንዲነፋ ለምነውት እምቢ ብሏል።

ይህን ልማድ ያስጣሰው ጉልላት ነው። ጉልላት እዚሁ ሰፈር ተወልዶ ያደገ፣ በምርጫው ሰሞን አስተባባሪ ተብሎ ደረት የነፋ ልጅ ነው። አባቱ ሲሞቱ ሰፈሩን ለቀብር ያስወጣው ማኑሄ ነበር፤ ሬሳውንም ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነው። እንግዲህ ይኸው ልጅ ምርጫው ሲቃረብ ጫማ ተራው ድረስ መጣ።

«ጋሽ ማኑሄ፣ ድምፅ የሚሰጠው እንደተመዘገብነው እድሩ አዳራሽ ነው። ሰዉ ደግሞ ቀዝቅዟል። እርስዎ ካልነፉልን ማን ይወጣል?»

«የሞተ ሰው አለ እንዴ?»

«ኧረ የለም ጋሼ።»

«እንግዲያው ዞር በልልኝ፣ ጫማዬን ልሽጥበት።»

ጉልላት ግን አፈ ቅቤ ነው። የእማማ አልማዜን ነገር አነሳበት። እማማ አልማዜ ከማኑሄ ጋር ግድግዳ የሚጋሩ ጎረቤት ናቸው። እግራቸው ስለሚያብጥ አዳራሹ ድረስ ለመሄድ እንኳ መንገድ ላይ ያርፋሉ። በተመዘገቡ ዕለት «ሌላ ምርጫ ላይ የምደርስ አይመስለኝም፤ ይቺን ግን ቆሜ እመርጣለሁ» ሲሉ ማኑሄ ሰምቷል። ጉልላት «ለእሳቸው ብለው እንኳ» ሲለው እሺ አለ።

በዋዜማው ማለዳ ነፋ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወጡ፤ ወንዶቹ ኮታቸውን እየደረቡ ተከተሉ።

«ማንም አልሞተም!» አለ ማኑሄ። «ነገ በጠዋት አዳራሹ ጋ ውጡ! ምርጫው እዚሁ ነው፣ ቃሌ ነው!»

ከፊሉ ሳቀ፣ ከፊሉ «አስደነገጥከን እኮ!» ብሎ ሰደበው። ሁሉም ግን አመነው። «ቃሌ ነው» የምትለዋን ማንም በል አላለውም ነበር። እሱ ነው ከራሱ የጨመራት።

በማግስቱ አዳራሹ ተቆልፎ ጠበቃቸው። በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ፣ የምርጫ ጣቢያው ከወንዙ ማዶ፣ አዲሶቹ አፓርታማዎች ግቢ መዛወሩን ነገራቸው። ወሩ ሰኔ ነው። ቁልቁለቱ በዝናብ ላቁጧል፤ ከድልድዩ ወዲያ ያለው ዳገት ደግሞ ወጣቱንም ያስተነፍሳል። ባጃጅ በዕለቱ የለም። ጉልበት ያለው ወጣው፤ ሲደርስ ግን ሰልፉ ግቢውን ሞልቶ አጥሩን ዞሯል። ለአፓርታማዎቹ ሰዎች ዋዜማውን በድምፅ ማጉያ ተነግሯቸው ስለነበር ገና ሳይነጋ ወርደው ተሰልፈዋል። ከአሮጌው ሰፈር አብዛኛው ቆሞ ዋለና ተራው ሳይደርስ ምርጫው ተዘጋ።

ማኑሄ እማማ አልማዜን ደግፎ ቁልቁለቱን ወረደ። ድልድዩ ላይ ሲደርሱ ድንጋዩ ላይ ቁጭ አሉ።

«በቃኝ ማኑሄ።»

«ላዝልዎት እማማ። ግድ የለዎትም።»

«ሬሳ ነኝ እንዴ የምትሸከመኝ?» አሉና ወንዙን ማየት ያዙ። «እዚሁ ነው ብለህ ነፍተህልኝ አልነበር?»

አልተቆጡም። ቢቆጡት በተሻለው ነበር። ቀስ እያለ ቤታቸው መልሷቸው ብቻውን ዳገቱን ወጣ። ጉልላትን ግቢው በር ላይ ደረቱ ላይ ባጅ አንጠልጥሎ አገኘው።

«መቼ ነው የተዛወረው?»

ጉልላት ዓይኑን በጨው አጥቦ መለሰለት። «ቆይቷል ጋሼ። እርስዎ ጋ ስመጣ ተወስኖ ነበር።»

«እያወቅክ ነው ያስነፋኸኝ?»

«ሰፈሩ ቀድሞ ቢሰማ ይንጫጫ ነበር። ይመለስልን ብሎ አቤት ይል ነበር። እርስዎ ከነፉ ግን አምኖ ዝም ይላል። ታዝዤ ነው፤ እኔ ምን ላድርግ?»

ማኑሄ ክው አለ። ለካ ሰዉን ሊያስወጣ አይደለም ያስነፋው፤ ሊያስተኛው ነው። ያውም የገዛ አባቱን ቀብር በጠራች ጡሩምባ! እንባው ሲመጣበት ፊቱን አዙሮ ሳይሰለፍ ወረደ። ማታ ሚስቱ ጤናዬ አውራ ጣቱን ይዛ አየች። የምርጫው ቀለም የለበትም። እጁን ለቀቀችው።

ከዚያ በኋላ የጮኸበት ሰው የለም። ሰላም ይሉታል፣ ጫማም ይገዙታል። ሁሉም ነገር የተረሳ መስሎት ነበር።

ኅዳር ላይ እማማ አልማዜ ሐኪም ቤት እንደተኙ አረፉ። ሲነጋጋ ማኑሄ ጡሩምባዋን ይዞ ወጣ። ነፋ፤ አልማዜ አርፈዋል አለ፤ የቀብሩን ሰዓት ተናገረ። እንደ ወትሮው በሮች እስኪከፈቱ፣ ነጠላ የደረቡ ሴቶች እስኪወጡ ጠበቀ። አንድም በር አልተከፈተም። ድጋሚ ነፋ። በመጨረሻ ከመንገዱ ማዶ የጎረቤቱ የሰርኬ መስኮት ገርበብ አለና ድምፅዋ ተሰማ።

«ጋሽ ማኑሄ፣ የእውነት ሞተው ነው?»