ጩሉሌ የጠፋ ቀን

ይሄ የሆነው የባሌ አገር በጦር ከቀና ብዙ ሳይቆይ፣ ጎባ ገና ጥቂት ጎጆ ሳለች ነው። ሰባት ወይ ስምንት ዓመት ቢሆነኝ ነው፤ ማን ቆጠረልኝ። ስንቱን ረስቼ ይሄ አልረሳ ብሎኝ ለልጅ ልጄ እየነገርኳት ትጽፋለች።

አባቴ ከሸዋ ከጦሩ ጋር የመጣ ወታደር ነበር፤ መሬት ተሰጥቶት ቀረ። የሰፈራችን ሰው ሁሉ እንደሱ ነው፣ ኦሮምኛ የሚሰማ የለም። እኔ ግን ከወንዝ ማዶ ልጆች ጋር ስጫወት ለምጄዋለሁ። እናቴ ስለማትወድ ቤት ውስጥ አልናገረውም።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ጭልፊት መጥቶ ጫጩቴን ነጠቀኝ። አክስቴ የሰጠችኝ ናት፣ ቄብ ልትሆን ደርሳ ነበር። አጥሩ ጥግ ጽድ ላይ ወጥቶ ይቦጭቃት ጀመር። እግሩ ላይ የቆዳ ጠፍር አለው። ጎረቤታችን እትዬ ደስታ ይሄን አይተው አማተቡ። "ክታብ አስሯል! መተት ነው፣ የሰው እጅ አለበት!" አሉ።

አባቴ ውጅግራ ጠመንጃውን ሊያመጣ ገባ።

ያኔ ጽዱ ከማይታይበት፣ ከታች በኩል አንድ ሽማግሌ ጥምጣሙ ተፈቶ እየሮጠ መጣ። "ጩሉሌ ኮ! ጩሉሌ ኮ አርጊታኒ?" ይላል።

"ውይ ምስኪን፣ ልጁ ጠፍቶበት ነው!" አሉ እትዬ ደስታ። "ስንት ዓመቱ ነው ወንድሜ?"

ሰውየው የተባለው አልገባውም። በሁለት እጁ ክንድ የማትሞላ መጠን አሳየ።

"ኧረ ገና አራስ ልጅ ነው!" ብለው ጮሁ። ሰዉ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ወንዱ ወንዝ ገባ፣ ሴቱ ቁጥቋጦ ለቁጥቋጦ "ጩሉሌ! ማሙሽ ጩሉሌ!" እያለ ይጣራል።

ጩሉሌ ማለት ጭልፊት ነው። ኮ ማለት የኔ። አርጊታኒ፣ አያችሁ ወይ ነው። ገና ሲጠራው ገብቶኛል። ግን ዝም አልኩ። ጫጩቴን በልቶብኛላ። ይሙት አልኩ በሆዴ።

አባቴ ጥይት ሲፈልግ ቆይቶ ወጥቶ አነጣጠረ። ሽማግሌው ሲዞር ሲዞር እኛ በር ላይ ደረሰ፤ ጠመንጃውንም ወፉንም አየ። ጠመንጃ የያዘ ወታደር ላይ እንዴት ይሮጣል? እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ራሱን ያዘ። "ሂን አጄሲን" አለ።

"አይዞህ፣ ልጅህን እየፈለጉልህ ነው" አለው አባቴ፣ ዓይኑን ከዒላማው ሳያነሳ።

"አባባ፣ ልጅ አልጠፋበትም" አልኩ። "ጩሉሌ እሱ ነው፣ ወፉ። አትግደልብኝ ነው የሚልህ።"

"የሰማይ ወፍ ባለቤት አለው እንዴ?" ብሎ ዞረና አየኝ። ጠመንጃውን ዝቅ አደረገ። "የሱ ከሆነ እስቲ ይጥራው!"

ለሽማግሌው በቋንቋው ነገርኩት። ሰውየው ተነሳ፣ ክንዱን በቁርበት ጠቅልሎ አፏጨ። ወፉ ጫጩቴን ጥሎ መጥቶ ክንዱ ላይ አረፈ። ሰውየው የእግሩን ጠፍር በጣቱ ጠቅልሎ ያዘው።

ፈላጊዎቹ እስከ ወገባቸው ረጥበው ተመለሱ። "ተገኘ?" አሉ።

"ተገኘ። ዶሮ በልቶ ተገኘ" አላቸው አባቴ።

ኋላ እንደሰማነው ሰውየው ጭልፊት ማሰልጠንን የተማረው ወደ ሼክ ሁሴን መቃብር ከሚመጡ ዓረብ ነጋዴዎች ነው። ቆቅና ጥንቸል ያድንበታል። በሦስተኛው ቀን ለጫጩቴ ካሳ ቆቅ ይዞ መጣ፣ በነፍሷ። እሱ ያረደውን እኛ እንደማንበላ ያውቃል፤ ከወፉ ጥፍር አስጥሎ በሕይወት አመጣልን። አባቴ ባርኮ አረዳት። "ልጄ ባትኖር ጉድ ሆኜ ነበር" እያለ ለሰው ሁሉ አወራ፣ እኔም ተመሰገንኩ።

ይቺ የልጅ ልጄ "አያቴ ወፉን አዳነችው" ብላ ጽፋ ነበር፣ አስፋቅኳት። ሰው ሁሉ ወንዝ ውስጥ ሲንቦራጨቅ እያወቅኩ ዝም ብዬ ነበር። ሰውየው ራሱን ይዞ ባይቀመጥ አልናገርም ነበር። ዘግይታ ተናገረች በይ፣ አልኳት።