መሠረት የተሸለመች ዕለት

ጭቃ ውስጥ የሰመጠ ጎማ በከንቱ ሲሽከረከር የሚያሰማውን ጩኸት ስሰማ፣ የትም ብሆን ልቤ ወደ ሞያሌ፣ ታላቅ እህቴ መሠረት ወደተሸለመችበት ዓመት ይመለሳል።

አባታችን ድንበሩን በስደት ተሻግሮ በኬንያው ሞያሌ ገበያ ልብስ እየሰፋ ይኖር ነበር፤ እናታችን ከጎኑ ሽንኩርትና ቲማቲም ትሸጥ ነበር። ሁለቱም ፊደል አልቆጠሩም። ከቤታችን መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲ የገባችው መሠረት ናት። በበጋ፣ ኩሬው ደርቆ ከብቱ መውደቅ ሲጀምር፣ ለዕረፍት ከናይሮቢ ትመጣና አንድ ቀን እንኳ አታርፍም ነበር፤ ጠዋት ትምህርት ያቋረጡ የጎዶማ መንደር ልጃገረዶችን ግራር ሥር ሰብስባ ታስተምራለች፣ ከሰዓት ደግሞ ከቦሪ መንደር የመጡ እናቶችን ክሊኒክ አድርሳ በቦረንኛ የነገሯትን ለሐኪሙ በስዋሂሊ ታስረዳለች። አባቴ «ዕረፍት የመጣሽው ለማን ነው?» እያለ ይቆጣት ነበር፣ ስታልፍ ግን የስፌት መኪናውን አቁሞ እስክትርቅ ድረስ በዓይኑ ይሸኛት ነበር።

በሦስተኛው ዓመቷ፣ ዝናቡ ሊገባ ሲል፣ ወደ ጎረቤታችን ሞባይል ደወለች። በትምህርቷም፣ ለአገሩ ሰው በሠራችውም ዩኒቨርሲቲው ሊሸልማት ነው፤ ቤተሰብም ተጠርቷል። አባቴ ያን ሰሞን የደንበኛውን ሥራ ሁሉ ትቶ ለራሱ ኮት፣ ለእናቴና ለእኔ ቀሚስ ሰፋ።

ያኔ መንገዱ አፈር ነበር፣ ሰውም ከብት በጫነ ሎሪ አናት ላይ ይጓዝ ነበር። እኛም እንደዚያው ወጥተን፣ በረሃው መሃል ስንደርስ ዝናቡ ወረደና ሎሪው እስከ ሆዱ ጥቁር ጭቃ ውስጥ ገባ።

«ፖሌ ባባ፣ ይቅርታ» አለው ሾፌሩ ለአባቴ፤ «መሬቱ ካልደረቀ የትም አንሄድም።»

አባቴ ግን ከነአዲሱ ኮቱ ትከሻውን ለሎሪው ሰጥቶ ይገፋ ጀመር፣ ሌሎቹ ወንዶችም አገዙት፣ ጎማው ጮኸ፣ ሎሪው ንቅንቅ አላለም። ዝናቡም አላባራም። እዚያው እንዳለን የሽልማቱ ቀን ደረሰ።

በዚያን ቀን ረፋዱ ላይ አባቴ ድንጋይ ላይ እንደተቀመጠ «አሁን ስሟን እየጠሩ ይሆናል» አለ። እናቴ ብድግ ብላ እልል ማለት ጀመረች፣ ግን ወዲያው ድምጿ ተሰበረና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። አባቴ በጭቃ የተለወሱ እጆቹን አየ፣ ምን እንደሚያደርግባቸው አላወቀም። እኔም መሃላቸው ቆሜ ማንን እንደማባብል ጠፋኝ።

መሬቱ ጠንክሮ ሎሪው ሲወጣ ቀኑ አልፎ ነበርና፣ ወደ ሞያሌ በሚመለስ መኪና ተሳፈርን። መሠረት በሚቀጥለው ዕረፍት መጥታ ሜዳሊያዋን ለአባቴ አንገቱ ላይ አጠለቀችለት። እሱ ግን «ይቅር በይኝ ልጄ» ብሎ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። «አባባ፣ ዝናቡን አንተ አላዘነብከው» ብትለውም፣ እስኪሞት ድረስ ያ ቀን ሲነሳ ተነስቶ ከቤት ይወጣ ነበር።

ዛሬ አስፋልቱ ሞያሌ ደርሶ፣ ጠዋት የተነሳ ሰው ማታ ናይሮቢ ይገባል። አባቴ ካረፈ በኋላ እኔና መሠረት እናታችንን በአውቶቡስ ወስደን ሽልማቱ የተሰጠበትን አዳራሽ አሳየናት። ማንም አልነበረበትም። መሠረት የቆመችበትን ቦታ በጣቷ አመለከተቻት፤ እናቴም ከፊት ካሉት ወንበሮች በአንዱ ተቀምጣ መድረኩን ስታይ ቆየችና «ያኔ ብንደርስ አባታችሁ የት ይቀመጥ ነበር?» አለች። መሠረት ወንበሮቹን አየች፣ እኔም አየሁ፣ የትኛውን እንደምናሳያት አላወቅንም።