የአሮጌው ገበያ ቁልቁለት ሲጠገን

ሥራ በጀመርኩበት ቀን መጀመሪያ የጠረብኩት ድንጋይ ሳይሆን አውራ ጣቴን ነው። መዶሻው ከመሮው አናት ተንሸራቶ ጥፍሬ ላይ አረፈና «ዋይ! እናቴን!» ብዬ ስጮህ፣ በሰልፍ የተቀመጠው ሠልጣኝ ሁሉ ሥራውን አቁሞ ሳቀብኝ። ከአዲስ አበባ የመጡት አሠልጣኛችን ጋሽ ታደሰ ግን አልሳቁም። ጣቴን በጨርቅ ጠመጠሙልኝና «በይ፣ ድንጋዩ ተዋውቆሻል። አሁን ወደ ሥራሽ» አሉኝ።

ያኔ ኮብልስቶን ለአሶሳ አዲስ ነገር ነበር። እኔ ከወሎ በሠፈራ የመጡ ሰዎች ልጅ ነኝ። ያደግሁትም ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ የሠፋሪ መንደር ነው። እናቴ ድንጋይ ልጠርብ መሆኔን ስትሰማ «ሴት ልጅ ድንጋይ ፈልጣ ልትበላ? አይ ዘሐራ፣ ጉድሽ ፈላ!» ብላ ራሷን ያዘች። የመጀመሪያውን ደሞዜን ተቀብዬ ነጠላ ስገዛላት ግን ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ መሐንዲስ ሆነች» ብላ አወራች። ኧረ አልሆንኩም ብል ማን ይስማኝ!

ጋሽ ታደሰ አንድ ነገር ደጋግመው ይነግሩን ነበር። «ድንጋይ እንደ ሣጥን ስድስት ፊት አለው። ስድስቱም እኩል ካልሆኑ እኔ ድንጋይ አልለውም፤ ጣሉት።» እኛም በዚህ ቃል አደግን። ሰው ከእንቅልፉ ቀስቅሶ መሮ ቢያስጨብጠን ስድስት ፊት እናወጣ ነበር። ይህን አስቀድሜ ያነሳሁት በኋላ ጉድ ሊሠራን ስለነበረ ነው።

ከጠራቢነት አንጣፊ፣ ከአንጣፊነት ቡድን መሪ፣ ከዚያ ፎርማን ሆንኩ። ባምባሲ አንጥፌያለሁ፣ ሆሞሻ አንጥፌያለሁ፣ ቡለን ድረስም ተጠርቼ ሄጃለሁ። አፌ ስለታም ነው። ወንዶቹ ከመዶሻዬ ይልቅ ምላሴን ይፈሩ ነበር፤ እውነታቸውን ነው።

የአሮጌው ገበያ ቁልቁለት ሥራ የመጣልን ፎርማን ሆኜ ከቆየሁ በኋላ ነው። ከመስጊዱ በታች ተነስቶ ወደ ድሮው ገበያ የሚወርድ ጠባብ የድንጋይ መንገድ ነው። ነጋዴ ከሱዳን ድንበር፣ ከኩርሙክ በኩል በአህያና በግመል ጭኖ ይመጣ በነበረበት ዘመን ተነጠፈ ይባላል። ማን እንዳነጠፈው የሚያውቅ ግን አላገኘሁም። የሰውና የከብት እግር ብዛት ድንጋዩን አልስልሶት፣ ፀሐይ ሲያርፍበት ያበራል። እኛ ስንደርስ የጭነት መኪና ሰባብሮት፣ ጎርፍ ቦርቡሮት፣ ግማሹ ጉድጓድ ሆኖ ነበር።

ተቆጣጣሪያችን ዳዊት የሚባል ወጣት መሐንዲስ ነበር። ጥሩ ልጅ ነው። ሥራውን ሲያስረክበኝ «እትዬ ዘሐራ፣ በራሱ ድንጋይ እንዲጠገን ለምኜ ነው ያስፈቀድኩት» አለኝ። «ክረምቱ ሳይገባ ካልጨረሳችሁ ኮንክሪት ይደፋበታል። ያኔ እኔንም የሚሰማኝ የለም።»

«ቢደፋስ ምን ይሆናል?» አልኩት።

ከቁልቁለቱ ግርጌ ያለችውን ቤት በእጁ አሳየኝ። «መንገዱ ከዚያ ቤት ደጃፍ በላይ ከፍ ይላል። የቁልቁለቱ ውሃ በሙሉ እዚያ ይገባል ማለት ነው። ስለዚህ ባለቤቷን ለማንሳት ታስቧል። ከከተማው ዳር ምትክ ቦታ ይሰጣቸዋል ይላሉ።»

የቤቱ ባለቤት ሐቡባ ነፊሳ ናት። ሐቡባ ማለት አያት ማለት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ እንዲህ ነው የሚጠራት። የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ ናት። ቤቷ በቀርከሃ ተማግሮ በጭቃ የተመረገ ነው። ሙሽራ ሆና የገባችበት፣ ባሏም የሞተባት ቤት ነው። አማርኛን በኋላ የተማረችው ስለሆነ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ትላለች። በመጀመሪያው ቀን ዘንጓን ይዛ መጥታ ፊቴ ቆመች።

«ትልቁ አንተ ነህ?»

«አዎ ሐቡባ፣ እኔ ነኝ።»

«መንገድ ጥሩ አድርገህ ሥራ። እኔ ሌላ ቦታ አልሄድም። ሌላ ቦታ ሰው አላውቅም።»

«ኢንሻ አላህ የትም አትሄጂም» አልኳት። አፌ እንዲህ ይበል እንጂ እርግጠኛ አልነበርኩም።

የድሮውን ድንጋይ በድጅኖ መንቀል ጀመርን። ፊቱ መዳፍ ያክላል። ከታች ግን እንደ መንጋጋ ጥርስ ረጅም ሥር አለው። በሥራ ዘመኔ እንዲህ ያለ ድንጋይ አይቼ አላውቅም። «አጽዱና በየመጠኑ ደርድሩ» ብዬ ወንዶቹን አዝዤ፣ አሸዋ ላስጭን በሆሞሻ መንገድ ወደሚገኘው ወንዝ ሄድኩ።

ስመለስ የጠራቢዎቹ መሪ ሙሳ ጥርሱን ገልጦ ተቀበለኝ። ሙሳ የዚያው ሰፈር ልጅ ነው፤ እጁ ወርቅ ነው። «ፎርማን፣ ነይ እይ! ጋሽ ታደሰ ቢያዩት ግንባራችንን ይስሙን ነበር!»

ሄጄ አየሁ። ከድንጋዩ አብዛኛው ተጠርቦ አልቋል። ሥሩ ሁሉ ተቆርጦ፣ ስድስት ፊት ወጥቶለት፣ እንደ ሳሙና ተደርድሯል። የተቆረጠው ሥር ደግሞ ከጎኑ ተከምሯል።

«ሙሳ! ምን አደረጋችሁ?»

«እኩል አደረግነው። ሁሉም ጠማማ ነበረ እኮ።»

በንዴት ጮህኩ። ግን ምን ልበላቸው? የተማሩትን ነው የሠሩት። እጃቸው ሌላ ነገር አያውቅም። ደግሞ የጠረቡት አጠራረብ እንከን አይወጣለትም፤ ያናደደኝም ይኸው ነው።

ምናልባት ይይዝ ይሆናል ብለን ከሐቡባ ደጅ ፊት ለፊት፣ ቁልቁለቱ በሚበረታበት ቦታ፣ ጥቂት አንጥፈን ሞከርነው። አሸዋ ሞላን፣ ጠቀጠቅን፣ ዳዊት የውሃ ቦቴ አስመጣልን። ቦቴው ከላይ ውሃውን ሲለቀው መጀመሪያ አሸዋው ሄደ። ከዚያ ድንጋዮቹ አንድ በአንድ ከቦታቸው እየወጡ ሐቡባ ደጃፍ ሄደው ቆሙ። ሥር የሌለው ነገር ምን ይይዘዋል! ሐቡባ ከበሯ ላይ ሆና አንዱን በዘንጓ ገፋ አደረገችውና በሯን ዘግታ ገባች። ብትሰድበኝ በወደድኩ።

ከካባ፣ ከድንጋይ መፍለጫው፣ አዲስ ድንጋይ እናምጣ ብንል የካባው ድንጋይ ሲፈለጥ አጭር ነው፤ እንደዚያ ያለ ሥር የለውም። የድሮው ከየት እንደመጣ ደግሞ ማንም አያውቅም። በኩርሙክ በኩል ደመናው መከመር ጀምሯል። ዳዊት ስልኩ በጮኸ ቁጥር ፊቱ ይለዋወጣል። ሙሳ ከተጠረበው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ነበር።

«እናቴ ሐቡባ እጅ ላይ ነው ያደገችው» አለኝ። «ቤቷን በመዶሻዬ አፈረስኩት። በምን ዓይኔ አያታለሁ?»

«ገና አልፈረሰም። ተነስ፣ የቀረውን ሥር እንዳይነኩት ጠብቅ» አልኩት። እኔም እኮ ከእሱ የተሻለ አላውቅም ነበር።

በዚያው ቀን ሐቡባ ምሳ ጠራችኝ። ብፈራም ሄድኩ። የማሽላ ገንፎ በባሚያ አቅርባ «ብላ» አለችኝ። አንድ ጉርሻ ጎርሼ ዓይኔን ሳነሳ ምድጃው ላይ አረፈ። ድስቱ የተጣደበት ሦስቱም ጉልቻ ፊቱ የለሰለሰ ነው፤ ጥላሸቱ መሃል እንኳን ያበራል። ጎንበስ ብዬ ሥሩን አየሁ። መሬት ውስጥ ተቀብሯል።

«ሐቡባ፣ ይሄ ጉልቻ ከየት መጣ?»

«የኔ ሰውዬ ነው ያመጣ። እኔ ሙሽራ ሆኜ ስመጣ መንገድ ተሰብሮ ነበር። ሦስት አነሳ። ‹እስክንሞት አይነቃነቅም› አለ። እሱ ሞተ። ድንጋይ አልሞተም።»

የባሏ እጅ የተከለውን ጉልቻ ንቀይልኝ ይባላል? ገንፎዬን ማገላበጥ ያዝኩ።

«ምን ታያለህ?» አለችኝ።

«መንገዱ የጎደለው እንዲህ ያለ ድንጋይ ነው፣ ሐቡባ» አልኳት። አምልጦኝ ነው።

ዞር ብላ ጉልቻዎቹን አየች። ከዚያ ሳህኑን ወደ እኔ ገፋችና «ብላ፣ ይቀዘቅዛል» አለች። በልቼ ወጣሁ።

በማግስቱ ጠዋት ስንደርስ ሦስቱ ጉልቻ ደጃፏ ላይ ተደርድረዋል። እሳቱን አጥፍታ፣ ራሷ ቆፍራ አውጥታ፣ አጥባቸዋለች። ጎናቸው ላይ ያለው ጥላሸት ግን አልለቀቀም።

«ውሰድ» አለችኝ። «ቤት ከሌለ ጉልቻ ምን ይሠራል?»

ዓይኔ እንባ ሞላ። እሷ ግን ለእንባዬ ጊዜ አልነበራትም። «ሌላ ሰውም አለው። ማን እንዳነሳ እኔ አውቃለሁ። ና!» ብላ ዘንጓን ይዛ ቀደመችኝ።

እናንተዬ፣ ያን ቀን ያየሁት! መንገዱ ለካ የትም አልሄደም፤ ጎረቤት ገብቶ ተቀምጧል። አንዱ ቤት ጉልቻ ሆኗል፣ አንዱ ቤት የበር መደገፊያ፣ አንዱ ጋ የእንስራ ማስቀመጫ። የዶሮ ቤት ጣሪያ ነፋስ እንዳይወስደው የተጫነም አግኝተናል። ባለ ሱቁ አልቃድር ብቻ አስቸገረ። ደረጃ ያደረጋቸውን ድንጋዮች «እነዚህ የአባቴ ናቸው» አለን።

«አዎ፣ የአባትህ ነው» አለችው ሐቡባ። «ከመንገድ አንስቶ በጀላቢያ ጠቅልሎ ሲሮጥ እኔ አይቻለሁ። ጀላቢያም ተቀደደ።»

ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። አልቃድርም ራሱ እየሳቀ ድጅኖ ተቀበለኝና ደረጃውን ነቀለው።

ሰው ጉልቻውን ሰጥቶ በምን ያበስላል? ይህን ያሰበው ሙሳ ነው። «የጠረብናቸው አሉ አይደል? ከታች ጠፍጣፋ ናቸው፤ ድስት አያንከባልሉም» አለ። ከዚያ በኋላ ሥር ያለው ድንጋይ ካንድ ቤት በወጣ ቁጥር ሙሳ ስድስት ፊት ያለውን በእጅ ጋሪ ገፍቶ ያደርሳል። ለሐቡባ የሚሆኑትን ሦስት ጥርብ ድንጋዮች ግን በጋሪ አልወሰደም። አንድ በአንድ ታቅፎ ወስዶ ራሱ ተከለላት።

የተሰበሰበው ሥሩ ካልተቆረጠው ጋር ተደምሮ ለመንገዱ በቃ፤ ከታች ወደ ላይ አነጠፍን። ሲባጎ ወጠርን፣ የመንገዱን መሃል ዝቅ አድርገን ውሃው በዚያ እንዲወርድ በውሃ ልክ አስተካከልን። ድንጋዩን ሥሩን ወደ ታች እየተከልን፣ አሸዋውን በቀጭን ቀርከሃ በየመሃሉ እየወጋን አስገባን። በጎማ መዶሻ ስትመታው ድምፁ ድፍን ነው፤ እንደያዘ ጆሮህ ይነግርሃል። ሐቡባ የድሮዎቹን ሦስት ጉልቻዎች ከደጇ ፊት እንድናስገባቸው አዘዘች። «እዚህ አድርግ። ስወጣ አየዋለሁ» አለች።

የመጨረሻውን አሸዋ በመጥረጊያ እየሞላን ሳለ ዝናቡ ወረደ። አሶሳ ዝናብ ሲጀምር አያስጠነቅቅም። መሣሪያውን ጥለን አልቃድር ሱቅ ቆርቆሮ ሥር ገባን። ዳዊትም በጃኬቱ ራሱን ሸፍኖ እየሮጠ መጣ። ውሃው ከመስጊዱ በኩል ቀይ ሆኖ፣ አረፋ ደፍቆ ወረደ። መሃሉን ያዘ። ወደ ሐቡባ ደጅ ቀረበ። ሙሳ ክንዴን ጨምድዶ ይዞኛል፤ እኔም እጁን ይዤዋለሁ። ውሃው ከደጃፏ ፊት ለፊት ሲደርስ መሃሉን እንደያዘ አለፈ። ከቤቱ በታች ወዳለው ቦይ ወርዶ ሄደ። አንድ ድንጋይ አልተነቃነቀም።

ሐቡባ በሯን ከፍታ ጎንበስ አለችና ደፏን በመዳፏ ዳሰሰች። ከዚያ እጇን ወደ እኛ አንስታ በዝናቡ መሃል ጮኸች። «ደረቅ ነው! አልሐምዱሊላህ፣ ደረቅ ነው!»

እኔ እዚያው አልቃድር ሱቅ ሲሚንቶ ላይ ቁጭ አልኩ። እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ ደስ ብሎኝ ነው ያለቀስኩት። ዳዊት ስልኩን አውጥቶ ለአለቆቹ «ኮንክሪቱን ለሌላ መንገድ አድርጉት» ሲል ሰማሁት። እንዲህ ደስ የሚል ወሬ ሰምቼ አላውቅም።

ዝናቡ ሲያባራ ሐቡባ ሁላችንንም ቤቷ አስገባችን። ገንፎው የበሰለው በሙሳ ጥርብ ጉልቻ ላይ ነው።

«ጣፈጠ?» አለችኝ።

«በኛ አገር ‹ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም› ይላሉ፣ ሐቡባ» አልኳት።

አሰብ አደረገችና «አያጣፍጥም አለ እንጂ ያበላሻል አላለም። ብላ» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ጣዕሙ ያው የበፊቱ ነው።

ዛሬ ጉልበቴ አሞኝ ሥራውን ለወጣቶቹ ትቻለሁ። የአሮጌ መንገድ ሥራ ሲያገኙ እየመጡ ይጠይቁኛል። የምነግራቸው ይኸው ነው። የድንጋዩን ፊት ለማሳመር ሥሩን አትቁረጡ። የጎደላችሁን ደግሞ ካባ ከመሄዳችሁ በፊት ጎረቤት ጠይቁ። ሐቡባ ነፊሳ ዛሬም እዚያው ቤቷ ናት።